አህያ ይታያል

የከተማችንን ስም የማልነግራችሁ ልደብቃችሁ ፈልጌ አይደለም፤ ስም ስለሌላት ነው። አባቶቻችን «ስም ይሰጠን» ብለው ማመልከቻ አስገብተው ነበር፤ መልሱም በክብ ማኅተም ተደግፎ ደረሳቸው። «ጉዳያችሁ ይታያል» ይላል። ይሄ የሆነው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። እስከዚያው ድረስ እኛ «እዚህ» እንላታለን፤ ከከተማ ስንወጣ ደግሞ «እኛ ጋ» እንላታለን። ተግባብተን ኖረናል።

መልሱን የሚጽፈው መሥሪያ ቤት የይታያል ቤት ይባላል። የፈለገ ሰው የፈለገውን ነገር በጽሑፍ ለዚህ ቤት ያቀርባል፤ ቤቱም ማንንም ሳያስቀይም ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል። እሺ አይልም፣ እምቢም አይልም። እሺ ቢል ሥራ ይመጣበታል፤ እምቢ ቢል ጠብ ይመጣበታል። ይታያል ሲል ግን ሁሉም ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ በሰላም ቤቱ ይገባል። ሰላማችን ከሌላው አገር ሁሉ ይበልጣል እየተባለ ይወራል፤ ማን ለካው ብላችሁ አትጠይቁኝ።

እኔ ቢያድግልኝ እባላለሁ፤ ጫማ ሰፊ ነኝ። በሕይወቴ አንድም ቀን ለይታያል ቤት አመልክቼ አላውቅም። ትዕቢት ይዞኝ አይደለም፤ ፊደል ስለሚያስቸግረኝ ነው። ማንበብስ አነባለሁ፤ ግን አንዱን ፊደል ጨርሼ ነው ወደሚቀጥለው የምሄደው። ይህቺን ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ትፈለጋለች። የምሰፋው ጋሽ ሽመክት አጥር ሥር ነው። ስለዚህ የምነግራችሁን ግማሹን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ግማሹን ደግሞ ራሳቸው ጫማቸውን አውልቀው ሲጠብቁ አጫውተውኛል።

ጋሽ ሽመክት በይታያል ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት መልስ ጸሐፊ ነበሩ። ከሳቸው በፊት የነበሩት ጸሐፊዎች ማመልከቻውን ሳያነቡ ነበር «ይታያል» የሚሉት። እሳቸው ግን እያንዳንዱን ከዳር እስከ ዳር አንብበው፣ አንዳንዱን ደግመው፣ አንዳንዱ ላይ እንባ አቅርረው ነበር «ይታያል» የሚሉት። በዚህም ሦስት ጊዜ ምስጉን ሠራተኛ ተብለው ተሸልመዋል።

የጡረታ ዕድሜያቸው ሲደርስ እንደማንኛውም ሰው አመለከቱ። ማመልከቻው በአሠራሩ መሠረት ዞሮ ዞሮ የራሳቸው ጠረጴዛ ላይ አረፈ። አነበቡት። ጨዋ ሰው የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል። ቢሆንም ሕግ ሕግ ነውና «ጉዳይዎ ይታያል» ብለው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ማኅተም አስመቱና ለራሳቸው ላኩት። እንዲህ እያሉ አራት ዓመት ተጨማሪ ሠሩ። በመጨረሻ ወንበራቸው ተሰበረ፤ አዲስ ወንበር ተጠየቀ፤ ወንበሩም ይታያል ተባለ። አንድ ሳምንት ቆመው ሠሩና ወገባቸው እምቢ ሲላቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጡረታ የወጡት እንዲህ ነው።

ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል። የሚኖሩት ዳቦ ቤት ከምትሠራው ልጃቸው ከሰናይት ጋር ነው። ሰናይት ምንታምር የምትባል ሴት ልጅ አለቻት። ያኔ ምንታምር ስድስት ዓመት ከሰባት ወሯ ነበር።

ጡረታ በወጡ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ፣ ምንታምር ወረቀትና እርሳስ ይዛ መጣች። ለምን አህያ እንደፈለገች እግዜር ይወቅ፤ ብቻ «አባባ፣ አህያ ሳልልኝ» አለቻቸው።

«ይታያል» አሉ ጋሽ ሽመክት።

ክፋት አልነበረውም። ሰው ሲያነጥስ እንደሚወጣው ነው ከአፋቸው የወጣው። ልጅቷ ግን የከተማችን ልጅ ናትና ትርጉሙን ታውቀዋለች። አላለቀሰችም፣ አላኮረፈችም። ትንሽ ቆማ አየቻቸውና ወረቀቷን ለሁለት አጥፋ ገባች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አያቷን ምንም ነገር መጠየቅ ተወች። ውሃ ሲጠማት ጋሽ ሽመክት ጆጉን ይዘው ተቀምጠው እያሉ በጎናቸው አልፋ፣ በሩን ከፍታ፣ እኔ ዘንድ ትመጣና «ጋሼ ቢያድግ፣ ውሃ አለህ?» ትለኛለች። የኔ ውሃ ቆዳ የማርስበት መሆኑን እያየች።

ጋሽ ሽመክት ነገሩን ለሰናይት ነገሯት። ሰናይት ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

«እኔም የተውኩት በሷ ዕድሜ ነው፣ አባዬ» አለቻቸው።

«ምኑን?»

«አንተን መጠየቅ።»

ተቆጥታ እንኳ አልነበረም። ሽንኩርቱን ቀጠለች። «ብትቆጣኝ ምን ነበረበት» አሉኝ በማግሥቱ። «ሰው የሚቆጣው አንድ ነገር ሲጠብቅ ነው። ልጄ ከኔ ምንም አትጠብቅም፣ ቢያድግ።» ሆድ ብሷቸው ነበር፤ እኔም ያልተቀደደ ጫማ ሰፋሁ።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ ልንገራችሁ። በከተማችን ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ይታያል ቤት ተወስዶ ፋይል ይከፈትለታል። ከዚያ ወዲያ የሚፈልገውን ሁሉ የሚጠይቀው በጽሑፍ ነው፤ ከቤተሰቡም ቢሆን። በአፍ መጠየቅ የሕፃን ወግ ነው፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ያስነውራል። ምንታምር ሰባት ሊሞላት አምስት ወር ቀርቷታል።

«በነዚህ አምስት ወራት ውስጥ አንድ ነገር በአፏ ካልጠየቀችኝ አለቀልኝ» አሉኝ። «ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ነው የምትጽፍልኝ። ደብዳቤ ሲመጣልኝ ደግሞ እጄ ምን እንደሚጽፍ አውቀዋለሁ።»

ከረሜላ ገዙላት። ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ ሌላ ግን አልጠየቀችም። አሻንጉሊት አመጡላት። ሁለቱን እጆቿን ዘርግታ ተቀበለች፣ እንደ እንግዳ። በመጨረሻ አንድ ማክሰኞ ሥራ ሊያስፈቱኝ መጡና «የሥዕል መጽሐፍ ልሠራላት ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ መሳል ይችላሉ?»

«አልችልም።»

«እሺ፣ ልብ ወለድስ ጽፈው ያውቃሉ?»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት» አሉ።

የመጀመሪያውን ገጽ በሦስተኛው ቀን አምጥተው አስነበቡኝ። አንብቤ እስክጨርስ ሁለት ጫማ መስፋት እችል ነበር። እንዲህ ይላል፦ «ቁጥር ጥ/01። ለምንታምር። ጉዳዩ፦ ጥንቸልን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው ጥንቸሏ ከጉድጓዷ የወጣች መሆኑን እየገለጽን፣ ለሚደረግላት ትብብር ሁሉ በቅድሚያ እናመሰግናለን። ከሰላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለጉድጓዱ።» ከሥር አንድ ሥዕል አለ።

«በርጩማ ነው?» አልኳቸው።

«ጥንቸሏ ናት።»

ሳቄን መዋጥ አልቻልኩም። ሳቅኩባቸው፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሁለት ቀን አኮረፉኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ፊታቸው በርቶ መጡ።

«ቢያድግ፣ ስህተቴ ገባኝ። ስለ ጥንቸል ምን አውቃለሁ? እኔ የማውቀው ሰው የጠየቀውን ነው።»

እውነታቸውን ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያነበቡት ማመልከቻ ሁሉ ጭንቅላታቸው ውስጥ አለ፤ ማን በምን እስክሪብቶ እንደጻፈው ሳይቀር። አንዱ ወንዙ ላይ ድልድይ ጠይቋል። ተማሪ ቤቱ ሲሠራ መስኮት ተረስቶ መምህሩ መስኮት ጠይቋል። አንድ ሰውዬ በአውራ ዶሮ ከተጣላው ጎረቤቱ ጋር የሚያስታርቀው ሽማግሌ ጠይቋል። አንዲት መበለት ገበያ መሐል አረፍ የምትልበት አግዳሚ ወንበር ጠይቃለች። ጋሽ ሽመክት እነዚህን አንድ በአንድ ለመሳል ቆረጡ፤ ተጠይቀው እንደቀሩ ሳይሆን እንደተሰጡ አድርገው። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፉ። «ድልድይ ይታያል።» «መስኮት ይታያል።» ዓረፍተ ነገር መጨረስ የሚያውቁት በዚያ ቃል ብቻ ስለነበር ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም።

ሥዕሉ ሁለት ወር ፈጀ። የሳሉት ከመሥሪያ ቤት በመጣ የተበላሸ ቅጽ ጀርባ ላይ ነው። ድልድዩ ቀጥ ያለ መስመር ስለሚበዛው አማረላቸው። አውራ ዶሮው መጀመሪያ ማንቆርቆሪያ መስሎ ነበር፤ «አናቱ ላይ ቀይ ነገር ያድርጉበት» ብዬ እኔ ነኝ ያዳንኩት። አሥራ አንድ ገጽ እንዲህ አለቀ። አሥራ ሁለተኛው የአህያው ነበር። እሱን አሥራ አንድ ጊዜ ሳሉት፣ አሥራ አንድ ጊዜ ቀደዱት፤ በመጨረሻ ወረቀቱን ባዶውን ተዉት።

በከተማችን መጽሐፍ ያለ ፈቃድ አይወጣም። ጋሽ ሽመክት ገጾቹን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ይታያል ቤት ሄዱ። በቦታቸው የተተካው ገረመው ነው፤ ፊደል አጣጣሉን ሳይቀር ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ወንበሩ ገና እየታየ ስለሆነ ቆሞ ነው የሚሠራው። በአክብሮት ተቀበላቸውና ገጾቹን ገለጠ።

«ጋሼ፣ ይሄ ድልድይ የት ነው ያለው?»

«የለም።»

«የሌለ ነገር ከሆነ እንግዲህ፣ አለመኖሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልገዋል።»

«ከማን ነው የሚጻፈው?»

«ድልድዩ ካለበት ሰፈር ሹም» አለ ገረመው። ይህን ሲል እየቀለደ አልነበረም፤ አንገቱን ደፍቶ ነው የተናገረው። ጋሽ ሽመክትም አልሳቁም፤ መመሪያውን ራሳቸው ናቸው የጻፉት። ማመልከቻቸውን ትተው፣ ገጾቹን ይዘው ወጡ።

መልሱ በአርባኛው ቀን መጣ። ጋሽ ሽመክት ፖስታውን የከፈቱት እኔ አጠገብ፣ የደንበኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነው። አንድ ጊዜ አይተው እጥፍ አደረጉትና አንገታቸውን ደፉ።  እኔም መዶሻዬን አስቀመጥኩ።

«ለካ እንዲህ ነው» አሉ። «ሲደርሰው ሰው እንዲህ ነው የሚሰማው። በቀን ስድሳ እልክ ነበር፣ ቢያድግ።»

ወረቀቱን «እንካ፣ ለውስጥ ጫማ ይሆንሃል» ብለው ሰጡኝና ሊገቡ ተነሱ። እኔ ደግሞ ወረቀት ሳላነብ አልቆርጥም፤ የሰው ምስጢር እንዳልረግጥ። ጣቴን እያስኬድኩ ጀመርኩ። መ፣ ጽ፣ ሐ፣ ፍ፣ ዎ። ይ፣ ታ፣ ያ፣ ል።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አልኳቸው።

«ለምኑ?»

«መጽሐፍዎ ይታያል ይላል።»

«ቢያድግ፣ ዛሬ ለቀልድ አልተመቸሁም።»

«መቼ ቀለድኩ? ይኸው፣ ይታያል ይላል፤ ክብ ማኅተምም አለው። የማይታይ ቢሆን ኖሮ አይታይም ይሉ ነበር። ደግሞ የሥዕል መጽሐፍ ካልታየ ለምን ይሠራል?»

ሊገሥጹኝ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ዘጉት። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ጣታቸውን እንደኔ ከፊደል ፊደል እያስኬዱ አነበቡ። ያቺን ቃል ሠላሳ ስምንት ዓመት ጽፈዋታል፤ አንድም ቀን ግን አንብበዋት አያውቁም ነበር።

«ሚስማር አለህ?» አሉኝ።

የጫማ ሚስማር ሰጠኋቸው። በዚያው ጠዋት አሥራ ሁለቱን ገጾች ቆርቆሮ አጥራቸው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ደረደርናቸው። የይታያል ቤቱን ደብዳቤ መጀመሪያ ላይ አደረግነው፤ የመጽሐፉ ሽፋን እሱ ሆነ። ዝናብ እንዳይነካቸው ከላይ ላስቲክ ሸራ ዘረጋሁ።

ልጆች መጡ። አጥሩን ተከትለው እየሄዱ ያነባሉ፣ ሲጨርሱ ሮጠው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። በሳምንቱ የተማሪ ቤቱ መምህር ክፍሉን በሙሉ አሰልፎ መጣና «መስኮት ይታያል» በሚለው ሥዕል ፊት ለፊት አስቀመጣቸው፤ ትንሽ ንጹሕ አየር ይግባላቸው ብሎ። ልጆቹም ፊታቸው ፈካ ብሎ ተመለሱ።

እማማ አትጠገብ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። እሳቸውን አውቃቸዋለሁ፤ ጫማቸውን በዓመት አራት ጊዜ እሰፋለሁ፣ ወንዙ ነው የሚበላው። ድልድዩ ፊት ቆመው ቀሩ።

«ይሄ የኔ ድልድይ ነው» አሉ።

ጋሽ ሽመክት ከበራቸው ወጡ። «አዎ፣ የእርስዎ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። በሰማያዊ እስክሪብቶ ነበር የጻፉት። እኅቴ ማዶ ናት፣ ውሃው ሲሞላ ሳላያት እከርማለሁ ብለው።»

«አንብበኸው ነበር?»

«ሁለት ጊዜ።»

«አንብበኸው ነው ይታያል ያልከኝ?»

«አንብቤው ነው።»

 «እኅቴ አምና ሞተች» አሉ እማማ አትጠገብ፤ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ።

ጋሽ ሽመክት ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ይቅር ይበሉኝ» አሉ።  አሮጊቷ ሥዕሉን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«እጀታ የለውም» አሉ። «ሰው ሲሻገር ምን ሊጨብጥ ነው?»

ጋሽ ሽመክት ገቡና እርሳስ ይዘው ተመለሱ። እሺ አላሉም። እሺ የምትለው ቃል ከዚያ ሰውዬ አፍ ወጥታ አታውቅም፤ ቢፈልጉም መንገዱን አያውቁትም ነበር። ግን እጀታውን መሳል ጀመሩ። እማማ አትጠገብም አጠገባቸው ቆመው «ዝቅ አድርገው፣ ቁመቴን እያየህ» እያሉ አሳሏቸው። ሲያልቅ ጣታቸውን እጀታው ላይ አስኬዱና ሄዱ። በማግሥቱ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የደረሳቸውን ደብዳቤ ይዘው መጥተው ከድልድዩ ጎን ሰቀሉት። «ይሄም ይታያል ይላል፤ እንግዲህ ይታይ» አሉ።

ከዚያ በኋላማ ጉድ ፈላ። ሰው ሁሉ ከየሣጥኑ፣ ከየፍራሹ ሥር ደብዳቤውን እያወጣ መጣ። የጋሽ ሽመክት አጥር ሞላ፤ የጎረቤት አጥር ቀጠለ፤ ሚስማሬን ጨረሱብኝ። ጎረቤት የጎረቤቱን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበ። አንድ ዓመት ሙሉ በአውራ ዶሮ የተጣሉት ሁለት ሰዎች ሥዕሉ ፊት ተገናኝተው፣ ዶሮው ማንን እንደሚመስል ሲከራከሩ ታረቁ። ወንዙ ላይ ደግሞ አንድ ጠዋት ሁለት ግንድ ተጋድሞ ተገኘ። ማን እንዳጋደመው አይታወቅም፤ እጀታው ግን ልክ በእማማ አትጠገብ ቁመት ነበር።

የይታያል ቤት ዝም አላለም። ገረመው መጽሐፉን ከአጥሩ ሊያስነሳ መጣ። የእገዳ ደብዳቤ ለመጻፍ የያዘውን የቅጽ ሣጥን ከፈተ። ለማገድ «አይታይም» ብሎ መጻፍ አለበት፤ ቤቱ ደግሞ «አይታይም» የሚል ቅጽም ማኅተምም የለውም፤ ተመሥርቶ እስካሁን ብሎት አያውቅማ። ግማሽ ቀን አጥሩ ሥር ቆሞ አሰበ። ላብ አጠመቀው፤ አሳዘነኝና በርጩማውን ሰጠሁት። ወንበር ላይ ከተቀመጠ አምስት ወር ሊሞላው ነው። በመጨረሻ «የመጽሐፉ መነሳት ይታያል» ብሎ ጻፈ። ልጆቹ ተቀብለው እሱንም ሰቀሉት። ሊሄድ ሲል ከኪሱ አንዲት የተጣጠፈች ወረቀት አወጣና «ጋሼ፣ እቺም የኔ ናት፤ ስለ ወንበሩ ነው» ብሎ ለጋሽ ሽመክት ሰጣቸው። ጥሩ ቦታ መርጠው፣ ከአግዳሚው ወንበር ሥዕል ጎን ሰቀሉለት።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ከተማው ጋሽ ሽመክትን ይጠይቃል። «ሚዛን ሳሉልኝ»፣ «የልጄን ጫማ ሳሉልኝ» ይላቸዋል። ምንታምር ግን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ሌሎቹ ልጆች ሲበተኑ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ከደብዳቤው ጀምራ ትሄዳለች፤ አያቷ ብቅ ካሉ ገብታ ትቀራለች።

«መጽሐፉ እኮ ለሷ ነበር» አሉኝ። «ከተማው በሙሉ ጠየቀኝ፣ እሷ ብቻ ቀረች። አራት ቀን ነው የቀረኝ፣ ቢያድግ።»  ሰው የሚያከብራቸውን ያህል ደስ ሊላቸው በተገባ ነበር፤ አንዲት ስድስት ዓመት ከምናምን የሆናት ልጅ ደስታቸውን ይዛባቸው ሄዳለች።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አባርቶ፣ ልጆቹ ገና ሳይመጡ፣ ምንታምር ወጣች። ጋሽ ሽመክት እኔ ዘንድ ተቀምጠው አንድ ጫማቸውን አውልቀው ነበር፤ መሸሽ ብትፈልግ እንኳ እሳቸው ተነሥተው አይከተሏትም። ደብዳቤውን አለፈች። ድልድዩን፣ መስኮቱን፣ ዶሮውን፣ ሁሉንም አየች። አሥራ ሁለተኛው፣ ባዶው ወረቀት ጋ ስትደርስ ቆመች። ቀረብ ብላ አየችው። ጠርዙን ገልጣ ከበስተኋላው ያለ ነገር ካለ ፈለገች። ከዚያ ዞረች።

«አባባ፣ እዚህ ጋስ ምንድን ነው የሚታየው?»

እኔ ቆዳውን ትቼ ጣቴን ወጋሁት። ጋሽ ሽመክት ግን አልተንቀሳቀሱም፤ ከተንቀሳቀሱ ነገሩ የሚጠፋባቸው መሰላቸው።

«ምንም» አሉ በቀስታ። «አልቻልኩበትም። አሥራ አንድ ጊዜ ሞክሬ አሥራ አንድ ጊዜ ቀደድኩት።»

«ምን ነበር?»

«አህያ።»

ልጅቷ አሰበች። «እንዴት ሆኖ ነው የተበላሸብህ?»

«ጠረጴዛ ጠረጴዛ ይለኛል።»

«ጠረጴዛ የሚመስል አህያም እኮ አለ» አለች። ከዚያ ወደ ባዶው ወረቀት ዞራ፣ ፊቷን ሳታሳየን፣ «ሳልልኝ» አለች።

«እሺ» አሉ ጋሽ ሽመክት።

ብዙ ዓመት ተዘግቶ እንደኖረ በር ተንቋቋች ያቺ ቃል፤ ግን ወጣች። አንድ ጫማቸውን እንዳወለቁ ተነሥተው እርጥቡ መሬት ላይ ቆመው መሳል ጀመሩ። ልጅቷ በክርናቸው ሥር ገብታ «ጆሮው ይርዘም» ስትል ያስረዝማሉ፤ «ዓይኑ ይሳቅ» ስትል እንደምንም ያስቁታል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ አንዱ እግሩ ከሌሎቹ በለጠ። ሲጨርሱ ከሥሩ «አህያ» ብለው ጻፉና፣ እንደልማዳቸው «ይ» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«እሱን ተወው፣ አባባ። ይታያል እኮ» አለቻቸው።

ያን ዕለት ሰናይት ከዳቦ ቤት ስትመለስ አባቷንና ልጇን በአንድ እርሳስ ሲጣሉ አገኘቻቸው። ከረጢቷን ሳታስቀምጥ ብዙ ቆማ አየቻቸው። «አባዬ፣ ለኔም አንድ ድመት ነበረብህ» አለች። እሺ ተባለች፤ በሠላሳ አንድ ዓመቷ።

መጽሐፉ የታተመው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከታተመ ነው ካልን። የከተማችን ማተሚያ ቤት ከቅጽ በቀር አያትምም። ጋሽ ሽመክት ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ ግልባጭ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸውና በወረቀቶቹ መሐል ካርቦን እየከተቱ፣ ከላይ ደግመው እየሳሉ በአንድ ጊዜ አራት አራት አወጡ። እኔ በሰም ክር ሰፋሁት፣ ጀርባውን በቆዳ አደረግኩት። አራተኛው ግልባጭ ደብዝዞ ነው የሚወጣው፤ ልጆቹ ደግሞ የሚሻሙት እሱን ነው፤ አድምቀው የሚጨርሱት ራሳቸው ስለሆኑ። ከመጨረሻው ገጽ ሥር «ግልባጭ፦ ለጠየቀ ሁሉ» ይላል። ይህቺን ልማዳቸውን ማስተው አልቻልኩም።

የፋይሉ ቀን ደረሰ። እኔም ጫማዬን ቀብቼ አብሬያቸው ሄድኩ። ገረመው ለምንታምር አዲስ ፋይል አወጣ፣ ስሟን ጻፈ፣ ማመልከቻ ሰጣትና «በይ፣ የመጀመሪያ ጥያቄሽን ጻፊ» አላት። ምላሷን አውጥታ፣ ወረቀቱ ላይ ተደፍታ ብዙ ጻፈች። ገረመው አንስቶ አነበበው። «ጥያቄ የለኝም። አባባን ጠይቄው እሺ ብሎኛል» ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበበው። ለእንዲህ ያለ ማመልከቻ ምን እንደሚባል መመሪያውን ገለጠ፤ የለም። ስለዚህ በአሠራሩ መሠረት «ጉዳይሽ ይታያል» ብሎ ጻፈ፣ ማኅተም መታና ሰጣት። ምንታምር ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች አነበበች።

«አዎ፣ አጥራችን ላይ ነው» አለችው።

ወጥተን ወደ ቤት ሄድን። ፋይሏ ተከፍቷልና ከእንግዲህ በአፍ መጠየቅ ነውር ነው፤ እሷ ግን እንደወጣን ጀመረች። ቤት እስክንደርስ አያቷን ሰባት ነገር ጠየቀቻቸው፤ ቆጥሬያለሁ። ጋሽ ሽመክት ለአምስቱ እሺ አሉ፤ ለሁለቱ እምቢ። እምቢ ስትባል ከንፈሯን ጣለች፣ እጇን ከእጃቸው አስለቀቀች፣ እስከ ወንዙ ድረስ ለብቻዋ ቀድማ ሄደች። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ እጃቸውን ያዘችና ስምንተኛውን ጠየቀች።